ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው

(በዓለም አቀፉ የነርሶች ቀን፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና ቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፋችሁን ሳትጠግቡ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ? ለነርሶች ቀን እንኳን አብሮ አደረሰን።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ምዕራብ አፍሪካ ሄደሽ በበጎ ፈቃድ ስለሠራሽበት ጊዜ ንገሪን» ነበር ያሉኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን፣ እኔ ስለሠራሁት የምጽፈው አንድ ገጽ አልሞላ አለኝ። ቁስል አጥቤአለሁ፤ ፋሻ ቀይሬአለሁ፤ ሙቀት ለክቻለሁ፤ ማስታገሻ በሰዓቱ ሰጥቻለሁ። ይህንን እናንተም ትናንት ማታ ስታደርጉት አድራችኋል። ሌሎች ሲያስታምሙ ያየሁትን መጻፍ ስጀምር ግን ወረቀቱ አልበቃኝም። እኔ ያስታመምኩት ጥቂት ነው፤ ሲያስታምሙ ያየሁት ብዙ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የት እንደሄድኩ። ሁለተኛ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚዳዳኑ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ የምለምነው። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከመጋቢት መጀመሪያ አንስቶ ለስምንት ሳምንት በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ነበርኩ። የሠራሁት ወደብ ላይ በቆመች መርከብ ውስጥ ነው። መርሲ ሺፕስ የሚባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከ1978 ጀምሮ የሆስፒታል መርከቦችን ያሠማራል። ግሎባል መርሲ የምትባለው መርከብ 174 ሜትር ርዝመት አላት፤ ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ወደ 200 የሚጠጉ የሕሙማን አልጋዎች ይዛለች። ሕክምናው በነፃ ነው። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ወጥ ቤት ሠራተኛውም፣ የመርከብ መሐንዲሱም በጎ ፈቃደኛ ነው፤ የአውሮፕላኑንም የመኖሪያውንም ወጪ ከራሱ ይከፍላል። በዚያ ዓመት ከሴኔጋል ሌላ ከጎረቤት ከጋምቢያም ሕሙማን ይመጡ ነበር።

ምን ዓይነት ሕሙማን? እዚህ አገር በጊዜው ታክሞ የሚረሳው ሕመም፣ ታክሞ ስለማያውቅ አድጎ አድጎ የሰውን ሕይወት የወሰደበት ሕሙማን። አንገት የሚያህል እንቅርት። አገጭን የሚያዛባ ዕጢ። የጎበጡ የልጅ እግሮች። የተሰነጠቀ ከንፈር ይዞ እስከ ጉልምስና የደረሰ ሰው። በእሳት ተቃጥሎ ክንዱ ከጎኑ ጋር የተጣበቀ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልገው ሰዓትና በአቅሙ አያገኝም ብሏል። ይህንን ጉድለት ለመሙላት በየዓመቱ 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሰው ቁጥር ሲሰማ ይደነግጥና ይረሳዋል። እኔ የማልረሳው ሃያ ዓመት ሙሉ ሻሽ በአገጫቸው ዙሪያ ጠቅልለው የኖሩ አንዲት ሴት፣ ዕጢው ከወጣ በኋላ ሻሹን እንደገና ሲያስሩ፣ የሚሸፍኑት ነገር እንደሌለ ትዝ ብሏቸው እጃቸው በአየር ላይ ቀጥ ሲል ያየሁበትን ጠዋት ነው።

ስለ ቦታው ይህ ይበቃል። ወደ ሁለተኛው ልግባ።

ክፍሉን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። አልጋዎቹ ይቀራረባሉ። በእያንዳንዱ ሕፃን አልጋ ሥር ወይም አጠገብ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ እናት ወይም አክስት ወይም አያት እዚያ ታድራለች። ወሎፍ ይነገራል፣ ፑላር ይነገራል፣ ሴሬር ይነገራል፣ ፈረንሳይኛ ይነገራል። አስተርጓሚዎቻችን የዳካር ልጆች ናቸው። ያለ እነሱ አንዲት ጽዋ ውኃ ማቀበል አይቻልም ብላችሁ ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን በልማዴ ሰዓቴን አይቼ፣ መዝገቤን ይዤ ገባሁና በቀጥታ ወደ አንዱ አልጋ ሄጄ የደም ግፊት መለካት ጀመርኩ። አስተርጓሚዬ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው፣ ክርኔን ነካ አደረገና «መጀመሪያ ሰላምታ» አለኝ። «ሰላም ብያለሁ እኮ» አልኩት። «እሱ ሰላምታ አይደለም» አለኝ።

ሰላምታ ማለት እንዲህ ነው። «ናንጋ ዴፍ?» ትላላችሁ፤ እንዴት ነህ ማለት ነው። መልሱ «ማንጊ ፊ ሬክ» ነው። ትርጉሙን ስጠይቅ «እዚሁ አለሁ፣ ብቻ» አለኝ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኛስ ምን እንላለን? «እንዴት ነሽ?» ስንባል «አለሁ» አይደል የምንለው? ከዚያ የቤተሰብ ይጠየቃል፤ «እነሱም እዚያው አሉ» ይባላል። ከዚያ «ሰላም ነው?»፤ «ጃም ሬክ»፣ ሰላም ብቻ። ከዚያ ደግሞ እንደገና። ሆዷ በትናንትናው ዕለት የተሰፋ ሴት ይህንን ሁሉ ተራ በተራ፣ ፊቷን ሳታጠቁር ትመልሳለች። ከጨረሰች በኋላ ነው «እዚህ ጋ ይወጋኛል» የምትለው። ወዳጆቼ፣ ከሰላምታው በፊት ብጠይቃት ኖሮ አትነግረኝም ነበር። ሕመሟን የምትነግረው ለሚያውቃት ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ የሚደብቀው ግን ለምንድን ነው? የሚነግረው ሰው ስላጣ አይደለም?

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። የእኔ ጥፋት ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በማግስቱ ጠዋት እግሩን ሊታከም ተራ ይዟል። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሰመመን የሚሰጠው ሰው ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ ያለዚያ በሆዱ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለእናቱ በአስተርጓሚ በደንብ አስረዳሁ፤ ገብቷታል፤ መዝገብ ላይ ጻፍኩ፤ አልጋው ላይ ምልክት ሰቀልኩ። ጠዋት እናትየው ለመታጠብ ወጣ ስትል ልጁ አለቀሰ። በሚቀጥለው አልጋ የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንዲት አያት ነበሩ፤ ሁላችንም «ማም» እንላቸዋለን፤ በወሎፍ አያት ማለት ነው። ማም ልጁ ሲያለቅስ ከራሳቸው ሳህን በእጃቸው ሩዝ ጨምቀው ሊያጎርሱት ዘረጉ። ልክ አፉ ጋ ሲደርስ ደረስኩና እጃቸውን ያዝኩ። ሩዙ መሬት ወደቀ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጁ ምንም አልቀመሰም፤ ቀዶ ሕክምናውም በሰዓቱ ተደረገለት። በሙያ ሕግ ካያችሁት ትክክል ነበርኩ። ግን እስቲ አስቡት፤ እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ ጉርሻ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአንዲት ትልቅ እናት የጉርሻ እጅ ይዤ መሬት ላይ አስጥያለሁ! ማም አላኮረፉም፣ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ሩዙን አንድ በአንድ ለቀሙ። የሚከብደው እሱ ነበር።

ማታ አስተርጓሚዬን «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለእናቱ ብቻ ነው የነገርሽው» አለኝ። «ልጁ የእናቱ ብቻ አይደለም። ለክፍሉ መንገር ነበረብሽ።»

ለክፍሉ መንገር! ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህንን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። እዚህ የተማርኩት ተቃራኒውን ነው፤ መጋረጃውን ዝጊ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ የአንዱን ጉዳይ ሌላው አይስማ። የሕመምተኛን ምሥጢር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እሱን አልቃወምም፤ እዚያም ምሥጢር የሆነውን በምሥጢር እንይዛለን። ነገር ግን «ይህ ልጅ ነገ ጠዋት አይበላም፤ ቢያለቅስ አጫውቱት» ማለት ምሥጢር ማውጣት ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ፣ ቤተሰቡን አስፈቅጄ፣ በአስተርጓሚዬ አማካይነት ለክፍሉ ሁሉ እናገር ነበር። ነገ የማይበላው እነ እገሌ ነው። ከአልጋ የማይወርደው እነ እገሌ ነው። እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛት ያለበት እሱ ነው። በማግስቱ ሠላሳ ጠባቂ አለኝ። አንድ ልጅ እግሩን ከትራሱ ካወረደ ከአራት አልጋ ወዲያ ድምፅ ይመጣል። እኔና ጓደኛዬ ሁለት ነርሶች ብቻ ሆነን እንደዚያ ክፍል በደንብ የተጠበቀ ክፍል አላየሁም።

ማምንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ባል ማ»፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የሚለውን ቃል ለምን እንደተማርኩት አሁን ገብቷችኋል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና አንድ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው ሊተረጉም ሲል ቆም ብሎ አሰበ። «ኒት ኒታይ ጋራባም» አሉ። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» አለኝ።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህንን ስሰማ ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም። ይህ የእናቴ አነጋገር ነው! ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። አንዲት የዳካር አያትና ወሎፍ የሚባል ሕዝብ መኖሩን ሰምታ የማታውቅ የጎንደር እናት አንድ ቃል ይናገራሉ። በኋላ እንደተረዳሁት «ጋራብ» በወሎፍ ዛፍም ነው፣ መድኃኒትም ነው። እኛም መድኃኒትን ከቅጠልና ከሥር ለይተን የማናውቅበት ዘመን ነበረን።

እናቴን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ሆዱን ተቀዶ ነበር። እናቴ አሥራ አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ሰሌን አንጥፋ አደረች። በፔርሙስ አጥሚት ይመጣል፤ በሳህን የተሸፈነ ገንፎ ይመጣል። ጠያቂው ከበር እስከ በር ነው። እናቴ ግን ለአባቴ ብቻ አልነበረም የምታስታምመው። ከጎኑ ከገጠር የመጣ፣ ወገን ያልነበረው አንድ ሰው ተኝቶ ነበር፤ ለእሱም ትመግበው፣ ሽንቱንም ታፈስስለት ነበር። «ማነው?» ብላት «የአባትሽ ጎረቤት ነው» አለችኝ። የአልጋ ጎረቤት ማለቷ ነበር። ያ ሰው ከዓመታት በኋላ፣ አባቴ ሲሞት፣ በእግሩ ሁለት ቀን ተጉዞ ለቀብር መጣ። በአማርኛችን ነርስ የሚለው ቃል ከውጭ ሳይመጣ በፊት አስታማሚ የሚል ቃል ነበረን። አስታማሚ ማለት አብሮ የሚታመም ያህል ቀርቦ የሚቀመጥ ነው። እኔ ነርስ ከሆንኩ ወዲህ ፍጥነትና ሥርዓት ጨምሬአለሁ፤ አስታማሚነቴ ግን በየት በኩል እንደወጣ ሳላውቀው ቀርቶ ነበር። ዳካር ላይ አገኘሁት።

ወደ ክፍሉ ልመለስ፤ አንዲት ልጅ አለች ሳልነግራችሁ የማላልፋት። ስሟን አልጠራም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ እሳት ላይ ወድቃ ጠባሳው አገጯን ከደረቷ ጋር አጣብቆታል። ቀና ማለት አትችልም። ሰው ስታይ ዓይኗን ብቻ ወደ ላይ ታነሳለች። አብዛኛውን ዕድሜዋን ያየችው የራሷን እግርና መሬቱን ነው።

ሐኪሞቹ ጠባሳውን ከፍተው አንገቷን አስለቀቁና ከጭኗ ስስ ቆዳ አንስተው ክፍቱን ሸፈኑት። እናንተ እንደምታውቁት የተተከለ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ከሥሩ ካለው ሥጋ እየጠባ ነው የሚኖረው። ትንሽ ከተንሸራተተ ይሞታል። ስለዚህ አንገቷ በመደገፊያ ታስሮ አምስት ቀን በጀርባዋ፣ ፊቷ ወደ ጣሪያ ሆኖ መተኛት አለባት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አምስት ቀን! ቀና ማለት ያልቻለች ልጅ አሁን ደግሞ ከጣሪያ በስተቀር የምታየው የለም። በመጀመሪያው ቀን ጣሪያውን አይታ አለቀሰች።

ማን ዘዴ ፈጠረ? እኔ አይደለሁም። እግራቸው በጄሶ የታሰረ ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው። ወረቀት ላይ በግ ሳሉ፣ ጀልባ ሳሉ፣ መኪና ሳሉ፤ አስተርጓሚያችን ወንበር ላይ ቆሞ ከራሷ በላይ ጣሪያው ላይ በፕላስተር ለጠፈው። በማግስቱ ሌሎቹም ጨመሩ። አንዷ ሴት የምታውቀው ፊደል ስላልነበረ የእጇን መዳፍ ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን አሥምራ ላከች። በአምስተኛው ቀን ጣሪያው በሥዕል ተሞልቶ ነበር። ልጅቷ ስለ እያንዳንዱ ሥዕል ታሪክ ትፈጥራለች፤ ታሪኩን ልንሰማ ከአልጋዋ አጠገብ ጎንበስ እንላለን።

ፋሻው የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። አክስቷ እግሮቿን ይዛለች። እኔ በሞቀ ጨዋማ ውኃ እያረጠብኩ ፋሻውን ንብርብር በንብርብር አነሳለሁ፤ ድርቅ ያለው ከተጎተተ ቆዳውን ይዞት ይመጣል። በመጀመሪያ አሸተትኩ። መጥፎ ሽታ የለም። ከዚያ የመጨረሻው ጨርቅ ተነሳ። ሮዝ ነው! ከዳር እስከ ዳር ሮዝ፤ በጣት ሲጫኑት የሚነጣ፣ ሲለቁት የሚመለስ። ቆዳው ይዟል። አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ፊቴን ግን ክፍሉ ሁሉ እያየው ነበር። ጭብጨባው ከየአልጋው ተነሳ፤ ማም መዝፈን ጀመሩ፤ አክስትየው እግሮቿን እንደያዘች አለቀሰች።

ያ ሰሞን የጾም ሰሞን ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም ለሦስት ሳምንት ያህል ተገናኝተው ነበር። አስታማሚዎቹ ይጾማሉ፤ እኔም እጾማለሁ። ሕሙማኑ እንዲበሉ ይፈቀድላቸዋል፤ በእስልምናም የታመመ ሰው ኋላ ሊያካክሰው ጾሙን ይተዋል። ሆኖም አንዲት ወጣት እናት «ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻዬን እበላለሁ?» ብላ ምግቧን ገፋች። ቁስል ያለ ምግብ አይጠግግም። በሕክምና ቃል ባስረዳትም አልሰማችኝም። አጠገቧ ተቀምጬ በእኛ ቤተ ክርስቲያንም የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ፣ እኔም ከወለድኩ በኋላ ሳልጾም ቀርቼ ማልቀሴን ነገርኳት። «አንቺም ትጾሚያለሽ?» አለች። አዎ፤ ሥጋና ወተት አልበላም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ክፍሉ በሙሉ «ሃምሳ አምስት?» አለ! በላች። ፀሐይ ስትጠልቅ አስታማሚዎቹ ተምር ይዘው ሲያፈጥሩ ለእኔ አንድ ፍሬ አስቀምጠው ይጠብቁኝ ጀመር። ተምር የጾም ነው፤ በደስታ በላሁ።

ፋሲካችን ሚያዝያ ውስጥ በእነሱ ዒድ ዋዜማ ሳምንት ዋለ። በዒድ ዕለት ሰው ሁሉ ከሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ማም ወደ እኔ መጥተው ይቅር በይኝ አሉኝ። እኔን! እጃቸውን ያስጣልኩት እኔ ነበርኩ።

ሌላም ነገር አለ። በሴኔጋል ጆፕና ንጃይ የሚባሉ የቤተሰብ ስሞች አሉ፤ ሲገናኙ መቀላለድ ግዴታቸው ነው። «አንተ ሩዝ ትወዳለህ፣ ጨረስከን!» ይባባላሉ፤ አይቀየሙም፤ ባይቀላለዱ ነው የሚቀየሙት። ከቀዶ ሕክምና ገና የወጣ፣ ሕመም ላይ ያለ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ ጎረቤቱ «ንጃይ፣ ሩዙን ጨርሼዋለሁ» ሲለው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ማስታገሻ እኔ ሰጥቼዋለሁ፤ ፈገግታውን የሰጠው ግን ጎረቤቱ ነው።

አንድ ቀን ዕረፍት ሳገኝ አስተርጓሚዬ መዲና በሚባለው ሰፈር ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። በአንድ ትልቅ ሳህን ቼቡ ጀን፣ ዓሣና ሩዝ፣ ዙሪያውን ተቀምጠን በላን። ከዚያ አታያ የሚሉት ሻይ ተፈላ፤ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ የመጀመሪያው መራራ ነው፣ ሦስተኛው ጣፋጭ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ! አገሬ የገባሁ መሰለኝ። እናቱ እንግዳ ሆኜ እንዳልተቸገርኩ ደጋግመው ጠየቁኝ። ሰው ሲታመም በዚያ ሰፈር ማን ተራ ይይዛል ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው አልገባቸውም። ተራ መያዝ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ይሄዳል።

ይህንን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ «እኛም አገር አለ እኮ» ይሉኛል። አለ፤ ከዚያም በላይ አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን፣ በረጅም ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች የሚታከሙበትን፣ ሲከፍቱ፣ በክፍሎቹ ውስጥ ሕሙማንን ከሚያስታምሙት ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው በሽተኛ ሆነው መጡ፤ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ያንን ሕመም የታመመ ሰው ሲያስታምም የሚያውቀው ነገር አለ፤ እኛ በትምህርት ቤት አልተማርነውም።

ሰዓቱ ገፍቷል፤ ወደ ሦስተኛው ልግባ። የምለምናችሁ ነገር ነው።

ከዳካር ተመልሼ በሦስተኛው ወር፣ በምሠራበት ክፍል ዳሌያቸው ተሰብሮ የተሰፉ አንዲት የእኛ አገር እናት ገቡ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል። ልጃቸው ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ማታ ብቻ ነው የምትደርሰው። ምግብ ይመጣል፣ ሳይነካ ይመለሳል። በስልክ አስተርጓሚ ይጠየቃሉ፤ «ደህና ነኝ» ይላሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፈረቃዬን ጨርሼ ልብሴን ቀይሬ ገባሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰላምታ ጀመርኩ፤ ረጅሙን ሰላምታ። ልጆች ደህና? አገር ቤት ደህና? ከዚያ «እማማ፣ ለምን አይበሉም?» አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ ብቻዬን እንዴት ብዬ ልብላ?»

ይህች እናት የታመሙት ዳሌያቸውን ብቻ ነበር? ሥጋቸው ተሰፍቷል፤ አጥንታቸው ተገጥሟል፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል። ያልተሰጣቸው ምን ነበር?

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ከተማ እድር አለን። አንድ ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፣ ምግቡ ይደርሳል፣ ገንዘቡ ይሰበሰባል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ያኮራል። ግን ለሞተው የምንደርሰውን ያህል ለተቀደደው፣ ለተሰፋው፣ ገና ላልሞተው ለምን አንደርስም? አስከሬን አንዲት ሌሊት ብቻውን እንዲያድር አንፈቅድም። ሕያዋን እናቶቻችንስ?

የምለምናችሁ ይህንን ነው። የጠያቂ ተራ እንያዝ። ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ሲኖር ሁለት ሁለት ሰዓት እንካፈል። ነርሶች ያልሆናችሁም ትችላላችሁ፤ ይልቁንም እናንተ ናችሁ የምትሻሉት። ሕግጋቱ ጥቂት ናቸው። ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ተረኛዋን ነርስ ጠይቁ፤ እኔ ከሩዙ ተምሬአለሁ። እጃችሁን ታጠቡ። ጉንፋን ካለባችሁ ቤት ቆዩ። ሃያ ሆናችሁ በአንድ ጊዜ አትግቡ፤ በሌሊት ደክሞት የተኛ በሽተኛ ከጎን አለ። ፎቶግራፍ አታንሱ። ምን ልናገር ብላችሁም አትጨነቁ። ተቀመጡ፤ ሰላምታ ስጡ፤ አብራችሁ ብሉ።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ የተለየ ነገር አለኝ። ዓመት ፈቃድ ያላችሁ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ልምድ ያላችሁ፣ ሂዱ። ወጪው ከኪሳችሁ ነው፤ ከአሁኑ አጠራቅሙ። ለማዳን ነው የምሄደው ብላችሁ ግን አትሂዱ። የዳካር ነርሶች ሙያቸውን ያውቃሉ፤ የጎደላቸው ቁሳቁስና እጅ ነው፤ አብራችኋቸው ቁሙ፤ የምታውቁትን አካፍሏቸው፤ የማታውቁትን ጠይቋቸው። እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ብዙ አትናገሩ። የእኛም አገር አለ፤ በየክልሉ ሆስፒታል ቁስል የሚያጥብ እጅ ያንሳል። የት እንደምትሄዱ አልወስንላችሁም። መሄዳችሁን ግን እለምናለሁ።

ያቺ የአንገቷ ልጅ ከመርከብ የወረደችበትን ቀን ሳልነግራችሁ ልቀመጥ ነበር። አክስቷ እጇን ይዛ መሰላሉን ወረዱ። እታች ደርሳ ቆመች። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ ቀና አድርጋ መርከቧን ከሥር እስከ ላይ፣ ሁሉንም ፎቅ፣ ቀስ ብላ አየቻት። አክስትየው «ነይ» ብላ ስትጎትታት አልሄደችም፤ ቀና እንዳለች ቆየች። እኛም ከላይ ሆነን እጃችንን አወዛወዝን።

እንግዲህ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ተጀምሯል። የፊታችን ማክሰኞ ጉልበታቸውን የሚታከሙ አንድ አባት አሉ፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ስማቸው እንዲነበብ አልፈለጉም፤ ግን ሰው ቢመጣላቸው ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል። ጠዋቱን እኔ ይዣለሁ። ማታውን አንድ ወንድማችን ይዞታል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ክፍት ነው።